በትርሲት ጆሮ የተከሰሰው ቀልዴ

በእኛ አገር በሽታ ብቻውን አይመጣም፤ ተከሳሹን አስከትሎ ነው የሚመጣው። ጥርስህን ቢያምህ ትናንት ስትበላ ያየህ ሰው አለ። እግርህ ቢወለም የምትጠረጥረው ድንጋዩን ሳይሆን መንገድ ላይ ሰላም ያለህን ሰው ነው። ላሚቱ ወተት ብትነሳ ስለ ሣሩ የሚጠይቅ የለም፤ «ማን አይቷት ነበር?» ነው ወሬው ሁሉ። እኔ አንድ ጠዋት ባስነጠስኩት ማስነጠስ ሦስት ጎረቤት ሲካሰስበት ውሏል። እናንተ ከተሜዎች ግን አትሳቁ፤ እናንተም ስብሰባ ሲበላሽ የምትከሱት አጀንዳውን ሳይሆን የቀረውን ሰው እንደሆነ ሰምቻለሁ።

እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት የገባሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በጣሪያው በኩል፣ ቆርቆሮ ልመታ። የቀበሌያችን የማንኪራ ሰው የሚያውቀኝ በቀልዴ ነው። ቡና ለቃሚው ሁሉ እኔ ባለሁበት በኩል መልቀም ይወዳል፤ ቅርጫቱ ባይሞላም ሆዱን በሳቅ ሞልቶ ይገባል። ንቦች እንኳ እኔ ሳወራ መንደፍ ይረሳሉ ይባላል። ማን ነው የሚለው? እኔ ነኛ።

ታዲያ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ለአምስት ተብሎ በተደራጀበት በዚያ ዘመን፣ በየካቲት፣ የስምንት ወሯ ልጄ የትርሲት ግራ ጆሮ መግል ያፈስ ጀመር። ታለቅሳለች፣ ጆሮዋን ትጎትታለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በቀኝ ሲጠሯት ትዞራለች፣ በግራ ሲጠሯት ግን ጭጭ ነው። ቀልደኛ ብሆንም አባት ነኝ። አንድ ቀን በግራዋ በኩል ተንበርክኬ እንደ አውራ ዶሮ ጮህኩላት። ከጎረቤት ሁለት ዶሮ መጣ፤ ትርሲት ግን ንቅንቅ አላለችም።

ይኼኔ አማቴ እትዬ አስካለ ከተፍ አሉ። ወትሮ «አንተ ልጅ» ነው የሚሉኝ። የዚያን ቀን በር ላይ ቆመው «እንደምን ዋሉ?» አሉኝ። አማት በድንገት አንቱ ካለችህ ነገር መኖሩን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

«ይቺ ልጅ የተጎዳችው በእርስዎ ነው» አሉ። «ብርሃኔ እርጉዝ ሳለች ከጠዋት እስከ ማታ ሲያስቋት ከረሙ። ሆድ እንዲያ እየተንቀጠቀጠ የልጅ ጆሮ በምን ይጸናል? ባልደረቀ ምርጊት አጠገብ ከበሮ ይመታል?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ነገሩ እኔኑ ራሴን አሳመነኝ። ባለቤቴ ብርሃኔ ስትስቅ የጎጆው ክዳን ይነሳል። እትዬ አስካለ ግን አምኜ እስክጨርስ አልጠበቁኝም፤ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ነጎዱ። ቃላቸው ይኼ ነበር፦ ሽማግሌ እስኪፈርድ ድረስ ብርሃኔ እኔ ዘንድ አትመለስም፤ እኔም ቀልድ የሚባል ከአፌ አይወጣም። በሬን ከማረስ ብትከለክለው እረፍት ይሆነዋል። እኔ ግን በሦስተኛው ቀን ከስቼ ለቀበቶዬ ሌላ ቀዳዳ በሳሁለት።

ዳኛ የሆኑት አቶ ቆጭቶ ናቸው። ንብ አንቢ ናቸው፤ ሰማይ ጠቀስ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ የሁሉንም ጓሮ ከላይ ስለሚያዩ ለሽምግልና የተመቹ ሰው። ግራ ቀኙን ሰሙና አሰቡ። በመጨረሻም «ማክሰኞ ከቦንጋ የጤና መኮንኑ ለክትባት ይመጣል። ልጅ በሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የተማረ እሱ ነው፤ መጥቶ ይመስክር» አሉ። እዩልኝ እንግዲህ! የታመመ ጆሮ ይዘን ሐኪም የምንፈልገው እንዲያክምልን ሳይሆን እንዲመሰክርልን ነው።

ማክሰኞ ደረሰ። ጤና ኬላው በር ላይ ሕፃናት በመርፌ ይንጫጫሉ፤ እኛ ከጎን ችሎት ዘርግተናል። የጤና መኮንኑ ሺሺንዳ ተወልዶ ያደገ ቀጠን ያለ ልጅ ነው። አቶ ቆጭቶ ብድግ ብለው «የእናት ሳቅ የጽንስ ጆሮ ያበላሻል ወይስ አያበላሽም? ባጭሩ!» አሉት።

ልጁ ባጭሩ የሚመልስ ዓይነት አልነበረም። መጀመሪያ ትርሲትን አቅፎ በምታበራ መሣሪያ ጆሮዋን ውስጥ ድረስ አየ። ከዚያ ከሰል አነሳና ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ መሣል ጀመረ። ግድግዳው ገና በዚያ ሳምንት ነበር ኖራ የተቀባው፤ የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ምህረት ዓይኗን ጨፈነች።

«ጽንሱ አራት ሳምንት ሲሆነው» አለ «የምስር ፍሬ ቢያክል ነው። ያኔ አንገቱ ላይ የዓሣ መተንፈሻ የሚመስል እጥፋት ያወጣል። ዓሣ ይተነፍስበታል፤ እኛ ግን ለሌላ ሥራ እናውለዋለን።»

አቶ ቆጭቶ ቀስ ብለው አንገታቸውን ዳሰሱ።

የቀረውን እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ከጉሮሮ ውስጥ አንዲት ኪስ ወደ ጎን ማደግ ትጀምራለች። ከውጭ በኩል ደግሞ ቆዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አንዱ ከዚያ፣ አንዱ ከዚህ ይገሰግሳሉ። የኪሷ ጫፍ እየሰፋ ሄዶ በጆሮ ውስጥ ያለች ትንሽ ክፍል ይሆናል፤ ወደ ጉሮሮ የቀረው እየጠበበ ቱቦ ይሆናል። ቅል አስቡ፤ ሆዱ ወደ ጆሮ፣ አንገቱ ወደ ጉሮሮ። ከውጭ የመጣውና ከውስጥ የመጣው ሊነካኩ ስስ ግድግዳ ሲቀራቸው ቀጥ ይላሉ። ያቺ ግድግዳ የጆሮ ታምቡር ናት።

እዚህ ላይ ተከሳሽነቴን ረስቼ አጨበጨብኩ። ምክንያት አለኝ። የእኛ ቀበሌና የማዶው ቀበሌ አንድ ጊዜ ከሁለት ጫፍ ተነስተን መንገድ ስንጠርግ ሊቀመንበር ነበረን፣ ቡድን መሪ ነበረን፣ በየሳምንቱ ግምገማ ነበረን። ሲያልቅ ሁለት መንገድ ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ አንዱን ሰላም ሳይለው አልፏል። እዚያ ሆድ ውስጥ ግን ጨለማ ነው፤ ግምገማ የለ፣ ግለ ሂስ የለ፣ ምስር በማታክል ቦታ ሁለቱ ሳይሳሳቱ ይገናኛሉ። ፈጣሪ እኛን ሊገመግም ቢቀመጥ ምን ይለናል እላለሁ።

እትዬ አስካለ ግን በስዕል የሚረቱ ሴት አይደሉም። «ይኼ ሁሉ የሚሆነው መቼ ነው?» አሉ።

«መሠረቱ የሚጣለው ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ነው፣ እትዬ። ያኔ እናትየዋ ማርገዟን እንኳ በቅጡ አላወቀችም። ጽንሱም ገና አይሰማም። ቢሰማም ሳቅ ምንም አያደርገውም።»

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ሽማግሌ ግን ከሳይንስ ይልቅ የሚያምነው በቦታው አለመገኘትን ነው። አቶ ቆጭቶ ጣታቸውን እያጠፉ ወደ ኋላ ቆጠሩ። ትርሲት የተወለደችው በሰኔ መግቢያ ነው፤ ነገሩ የተጀመረው መስከረም አጋማሽ ላይ ይውላል፤ አራተኛው ሳምንት ጥቅምት። ጥቅምት! እኔ ጥቅምትን ሙሉ ቢታ ገነት ሄጄ ቡና ለቀማ ላይ ነበርኩ!

«ሰማችሁ?» ብዬ ዘለልኩ። «ቱቦው ሲሠራ እኔ አገር ውስጥ አልነበርኩም!»

ሰው ሁሉ አውካካ። ብርሃኔም ከእናቷ ጀርባ ሆና ሳቀች፤ ከጣሪያው ላይ ወፎች ተነሱ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። እኔ ግን የአፌን ነገር ታውቁታላችሁ። አንዴ ነፃ ወጣሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ «እንግዲያው ጥፋተኛው ማን እንደሆነ እዚሁ ይነገረን! ተሸፋፍኖ አይቀርም!» አልኩ።

ልጁም በትሕትና ነገረን። የሕፃን ቱቦ ሲወለድ አጭርና ጋደም ያለ ነው፤ እንደ ትልቅ ሰው ቁልቁል አልተዳፋም። ሲያድግ ይረዝማል፣ ይዳፋል። ሕፃን ተንጋልሎ ከጠጣ ግን ወተቱ ሽቅብ ወደ ጆሮው ክፍል ሊገባ ይችላል፤ ጉንፋን ሲጨመርበት ደግሞ እዚያው ይመግላል።

«ለመሆኑ ጡጦ የሚሰጣት ማን ነው?» አለ።

ብርሃኔ አየችኝ። ቀጥሎ እናቷ አዩኝ። ቀጥሎ መርፌ የተወጉት ሕፃናት ሳይቀሩ አዩኝ።

ብርሃኔ ጫካ ስትወርድ ጡጦ የምሰጣት እኔ ነኝ። አሰጣጤ ደግሞ የራሴ ነው፦ ልጅቱን በጀርባዋ አስተኛለሁ፣ ጡጦውን በተጠቀለለ ጋቢ አስደግፈዋለሁ፣ ሁለት እጄን ነፃ አድርጌ አጫውታታለሁ። ያለ እጅ የሚነገር ቀልድ ጨው የሌለው ጎመን ነዋ! እሷም አፏ ወተት እንደሞላ ፍርስ ትላለች። ይኼን ሁሉ ማን እንዳስረዳቸው ገምቱ። እኔው ራሴ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ መሬት ላይ ተንጋልዬ ሳይቀር። ስጨርስ የሳቀ ሰው አልነበረም።

«አንተ ልጅ!» አሉ እትዬ አስካለ። አፍሬም ደስ አለኝ፤ ዝምድናዬ ተመልሷል ማለት ነው።

አቶ ቆጭቶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቀልዱ ነፃ ነው» አሉ። «ቀልደኛው ጥፋተኛ ነው።»

ቅጣቴም ተነገረኝ። ትርሲት በጠጣች ቁጥር በክንዴ ቀና አድርጌ ልይዛት፤ አንድ እጅ ለልጅ፣ አንድ እጅ ለጡጦ። ለቀልድ የተረፈ እጅ የለም። የጤና መኮንኑ መድኃኒት ሰጠን፣ ንጹሕ ጨርቅ ጠምዝዞ ጆሮዋን ማድረቅ አሳየን፣ ቦንጋ ጤና ጣቢያ አምጧት ብሎ ቀጠረን። ብርሃኔም በዚያው ቀን ቤቷ ገባች፤ እንደ ሚስትም፣ እንደ ቅጣት አስፈጻሚም።

በቀጠሮው ቦንጋ ወረድን። ጆሮዋ ደርቋል፤ ታምቡሯም እየገጠመ ነው ተባልን። «መስማቷን እናንተው ቤት ፈትኗት» አለ ልጁ። «ደግሞ ያቺ ቱቦ የምትከፈተው ስትውጥና ስታዛጋ ነው። ስታዛጋ ካያችኋት ደስ ይበላችሁ።»

እቤት እንደገባን ትርሲትን በክንዴ ቀና አድርጌ ያዝኳት። ብርሃኔ አጠገቤ፣ እትዬ አስካለ በሩ ላይ ናቸው። እጅ የለኝም፣ የፊት ጨዋታም የለኝም፤ አፌን ወደ ግራ ጆሮዋ አስጠግቼ በሹክሹክታ ብቻ፣ ማንኪራን ሁለት ጊዜ መሬት ያስተኛውን ምርጥ ቀልዴን ጀመርኩላት።

ዞረች።

ሙሉ ፊቷን አዙራ ዓይን ዓይኔን እያየች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እሷም ትንሿን አፏን ከፈተችና በረጅሙ አዛጋች።

በቀልዴ ላይ ያዛጋ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ ወዳጄ ሆኖ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን እንባዬን በትከሻዬ ጠርጌ ከመጀመሪያው ደገምኩላት። እሷም ደገመችልኝ።