የአቦይ ተኽለሚካኤል ሽኝት

የእኛ ሰው በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ አንድ መንገድ አዋቂ አይጠፋም። ይህ ሰው መንገድ ስትጠይቁት በቃል ነግሮ አያሰናብታችሁም፤ ጫማውን ማጥለቅ ይጀምራል። «ወደ ቀኝ ታጠፉ» ብሎ አያበቃም፤ አብሯችሁ ይታጠፋል፣ የምትሄዱበትን ቤት ደወል እስክትደውሉም ቆሞ ይጠብቃል። ፍራንክፈርት ውስጥ ይህን ሹመት የያዙት አቦይ ተኽለሚካኤል ነበሩ።

አስመራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ተምረው፣ ግሪስሃይም ካለ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። እኛ ግን በሌሉበት «ሊቀ መንገድ» እንላቸው ነበር። ደረጃ ሲወጡ የሚያቃስቱት ሰው፣ ብስክሌት ላይ ሲወጡ የሠርጋቸው ቀን ይመስል ቀጥ ይላሉ።

የከተማውን ጎዳናዎች የሚያውቋቸው እንደ ዘመድ አመል ነው። ማይንዘር ላንድሽትራሰ «ምሕረት የለሽ» ነው። ላይፕሲገር ሽትራሰ «ወሬኛ» ነው፤ ሰው ሁሉ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ሰላምታ ይለዋወጥበታል። የኒዳ ወንዝ ዳር «ጨዋ ነው፤ ሲዘንብ ብቻ ያኮርፋል»። የትራም ሐዲድ ፊት ለፊት እንጂ በጎን አይጠጉትም፤ ጎማ ይይዛል። ዳር የቆመ መኪና ደግሞ የተኛ ውሻ ነው። «በሩን በድንገት ከፍቶ ይነክስሻል፣ ጓለይ! ራቂለት!» ይሉኛል፤ «ጓለይ» በትግርኛቸው «ልጄ» ማለት ነው።

ቦከንሃይም ሱቅ ያለው ዐሊ እንኳ፣ በእሳቸው ውትወታ የተነሳ ቢጫውን የብስክሌት አንጸባራቂ ሰደርያ እንደለበሰ ሰርግ ቤት ገብቷል። ሙሽራው የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ መስሎት ቁልፉን አስረከበው።

እኔ ብስክሌት የተማርኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስለ ግጥም ምት ብዙ ተምሬአለሁ፤ ፔዳል ላይ ግን አንዱ እግሬ ሌላውን አይሰማም ነበር። የምኖረው ዞሰንሃይም ሆኖ ሥራ ያገኘሁት በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ኦስትኤንድ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ቁርስ ማዘጋጀት ነው። ሥራው በሚጀምርበት ማለዳ ለእኔ የሚነሳ ባቡር የለም። ገና ፕሮበጻይቴ፣ የሙከራ ጊዜዬ ስለሆነ ማርፈድ ማለት መባረር ነው። ስለዚህ ወይ ሥራውን መተው፣ ወይ ያንን ሁሉ የጭነት መኪና በብስክሌት ማለፍ ነበረብኝ። ፍርሃቴን ይዤ ዐሊ ሱቅ ሄድኩና አቦይን አገኘኋቸው።

«አቦይ፣ እስከ ኦስትኤንድ በደህና እንዴት ነው የምሄደው?»

«እሱን አትጠይቂኝ። መጀመሪያ እንዴት እንደምትመለሺ ጠይቂኝ።»

«ሳልሄድ?»

«መመለሻውን ሳታውቂ አትውጪ! ጠዋት ወደ ምሥራቅ ስትሄጂ ፀሐይ ዓይንሽ ውስጥ ናት። ከሰዓት ወደ ምዕራብ ስትመለሺም ዓይንሽ ውስጥ ናት። የሾፌሮቹም ዓይን ውስጥ ናት። ጠዋት ጭር ያለ መንገድ ከሰዓት ሌላ መንገድ ነው።»

ዐሊ ከሚዛኑ ጀርባ ጣልቃ ገባ። «አቦይ፣ እርስዎ ከአገር ሲወጡ መመለሻውን አውቀው ነበር?»

«እኔማ ሳላውቅ ስለወጣሁ አይደል የምመክራት!» ብለው ሳቁ። የሳቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የመረጡልኝ መንገድ ከአጭሩ እጅግ ይረዝማል። በኒዳ ዳር ወርጄ ማይን ወንዝ ጋ እደርሳለሁ፤ ግሪስሃይም ላይ በእሳቸው መስኮት ሥር አልፋለሁ፤ ከዚያ የሚገነባው ትልቅ ባንክ ክሬኖች እስኪታዩኝ ወንዙን እከተላለሁ። «በመስኮቴ ስታልፊ ደወልሽን ምቺው» አሉኝ፤ «ደህና መሆንሽን ልወቅ።»

የመጀመሪያው ቀን ደወሌን ስመታ መስኮቱ ላይ አልነበሩም። ታች፣ ብስክሌታቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። «ትንሽ ልሸኝሽ» አሉ። ትንሽ ያሉት ግማሽ መንገድ፣ እስከ ዌስትሃፈን ሆነ። እኔም ያሳደገኝ ሰው አለ፤ አዛውንት በዚያ ጭጋግ ብቻቸውን ሊመለሱ ነው? «ብቻዎን አይሄዱም» ብዬ ወደ ግሪስሃይም መለስኳቸው። በራቸው ላይ ስንደርስ ደግሞ እሳቸው ብስክሌታቸውን አዞሩ። «ሴት ልጅ በዚህ ጭለማ ብቻዋን? እንዲህ ያለ ነውር ከእኔ ቤት አይወጣም!» እንዲህ እየተሸኛኘን የሆቴሉ እንግዶች ያለ እንቁላል ቀሩ።

የወጥ ቤቱ ኃላፊ ጀርመናዊት ለምን እንዳረፈድኩ ጠየቀችኝ።

«ሰው እየሸኘሁ ነበር።»

«ወደ ባቡር ጣቢያ?»

«አይ፣ ወደ ቤቱ። እሱ እኔን ሊሸኝ ወጥቶ ነበር።»

ሴትዮዋ የግድግዳውን ሰዓት አሳየችኝ። ከዚያ «ሁለተኛ እንዳይደገም» አለች።

ይህን ለአቦይ ስነግራቸው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። በዐሊ ምስክርነት ውል ተዋዋልን፦ የተሸኘ ሰው ሸኚውን መልሶ አይሸኝም። እኔ ውሌን አከበርኩ። ማለዳ ማለዳ ዌስትሃፈን ላይ ሲቆሙ፣ ቅር እያለኝም ቢሆን ዞሬ ሳላይ እሄዳለሁ። በእሳቸው ግን ውሉ አንድ ቀን አላደረም። ከሐኪም ቴርሚናቸው፣ ከቀጠሯቸው፣ ቤታቸው ድረስ አድርሻቸው ስመለስ፣ ማዕዘኑን ከመታጠፌ በፊት የብስክሌታቸው ሰንሰለት ከኋላዬ ሲንኳኳ እሰማለሁ።

«አቦይ፣ ውላችንስ?»

«ውሉ ለብርቱ ሰው ነው፣ ጓለይ። እኔ አየር ልቀበል ነው የወጣሁት።»

ኋላ ልባቸው ደከመ፤ ሐኪሙ ብስክሌቱን ከለከላቸው። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ላይ ይቆሙ ጀመር። ጠዋት ደወሌን ስመታ እጃቸውን ያነሳሉ። ከሰዓት ስመለስ መስኮቱን ከፍተው «ደረስሽ?» ይሉኛል። ቤቴ ገና ሩቅ ነው፤ ቢሆንም «ደረስኩ፣ አቦይ» እላለሁ።

በጸደይ አንድ ከሰዓት ደወሌን መታሁ፤ መስኮቱ አልተከፈተም። ቆሜ ደግሜ መታሁ። ከዚያ ወደ ዐሊ ደወልኩ።

አስመራ እንዲቀበሩ ተናዝዘው ነበር። ልጃቸው ጽገ ከሙኒክ መጥታ ሁሉን ጨረሰች። አስከሬኑ በሚሄድበት ቀን ዐሊ መኪናው ውስጥ ቦታ ሊፈልግልኝ ተንገበገበ። «ተጠጋግተን እንሄዳለን፣ ነይ እንጂ!» እምቢ አልኩት። አቦይ አንድ እሑድ በሽቫንሃይም ጫካ በኩል እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ወስደውኝ ነበር፤ «ይኸኛው መኪና የለበትም» ብለው። ያንን መንገድ ያዝኩ። ቢጫውን ሰደርያ ለበስኩ፤ ለለቅሶ እንደማይለበስ አውቃለሁ።

የጭነት መግቢያው በር ላይ ቆመን አለቀስን። አስከሬኑን የያዘው መኪና ገባ፤ በሩ ተዘጋ። ሰዉ ወደየመኪናው ሲበተን ጽገ ብስክሌቴን አየችና በጀርመንኛ ጠየቀችኝ፤ «ብቻሽን ነው የምትመለሺው?»

«መመለሻውን አውቀዋለሁ» አልኳት።

ጫካው ጸጥ ብሏል። መታጠፊያ በደረስኩ ቁጥር ቀስ እያልኩ ዞር ብዬ አየሁ፤ ሰንሰለት የሚያንኳኳም የለ፣ አየር ልቀበል ነው የሚልም የለ። አቦይ ተኽለሚካኤል ውላችንን ለመጀመሪያ ጊዜ አከበሩ።