ካፒቴኑ ለሥራ ፈቃድ የዘመተው ዘመቻና የኩሽናው ሁለት ሰዓቶች

ከሰማይ በወረደ በአንድ ዓመት ከሰባት ወር፣ ዘመኑም ዘመነ ጥገኛ ሲሆን፣ ይኸውም በመኖሪያ ካርዱ ላይ «የሚስቱ ጥገኛ፤ ሥራ መሥራት አይፈቀድለትም» ተብሎ ከታተመበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠረው ዘመን ነው፣ ከዚያም በፊት በዘመነ አራት መስመር በትከሻው ላይ አራት የወርቅ መስመር ደርቦ ሁለት መቶ ነፍስ በአንዴ አንሥቶ በአንዴ የሚያስቀምጥ የነበረው፣ መዋዔ ነፋሳት፣ ሥዩመ ደመና፣ አውሎ ነፋስ አይቶ ሻይ የሚጠይቀው ካፒቴን፣ የልጄ ባል፣ መዳፍ ስለማትሞላ አንዲት ካርድ የተጋደለውን ተጋድሎ እነሆ እንጽፋለን። ጸሐፊውም እኔ አማቱ ነኝ፤ በመዝገብ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ደብዳቤ ስገለብጥ ኖሬ የራሴን አንድም ሳልጽፍ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን ግን በልጄ ቤት ከምድጃው አጠገብ ወንበር የተሰጠኝ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ዘኩሽና። ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትንም በግድግዳ በኩል ሰምቻለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የዚህ ሁሉ መነሻ የእኔ ዳሌ ነው። ካፒቴኑና ልጄ፣ ንግሥተ ጠመኔ፣ የሒሳብ መምህርት፣ በእርሱ አገር ተጋብተው ሲኖሩ፣ እኔ ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ተንሸራትቼ ዳሌዬ ተሰበረ፤ ልጄም ወንድሜ ቀን ከሌት ታክሲ ላይ ነው፣ አባቴን ማን ያነሣዋል ብላ ሻንጣዋን አሰረች፤ እርሱም ሚስቴን ማን ይይዛታል ብሎ የወርቅ መስመሩን አውልቆ ተከተላት። ሲመጣ የዚህ አገር አውሮፕላኖች ሁሉ እርሱን የሚጠብቁ መስሎት ነበር። አልጠበቁትም፤ ጠዋት ጠዋት እኔን ደግፎ ግቢውን ሦስት ጊዜ ያዞረኛል፣ ከዚያ ገብቶ ወለሉን በመጥረጊያ ማሽን ይዞራል።

ወእምዝ ስለ ሰዓቱ እንናገር። አብራሪዎች በየአገሩ ሰዓት ቢመሩ እርስ በርስ ይጋጫሉና፣ የበረራ መዝገባቸውን ሁሉ የሚጽፉት ለዓለም ሁሉ አንድ በሆነ ሰዓት ነው፤ ያም ሰዓት ከዚህ አገርም ከእርሱ አገርም ሰዓት በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ካፒቴኑም ይህን የሚቆጥር ክብ የግድግዳ ሰዓት በሠርጉ ሳምንት ገዝቶ፣ በሄደበት ሁሉ ተሸክሞ፣ እዚህም ሲገባ ከሻንጣው አስቀድሞ እርሱን በኩሽናው ግድግዳ ሰቀለ። ንግሥተ ጠመኔ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ደወል የሚከተለውን የራሷን ሰዓት ከጎኑ ሰቀለች። በእርሷ ሰዓት ምሳ ሲደርስ በእርሱ ገና ቁርስ አልተነሣም።

በዚህም ነገር ንግሥቲቱ በፍሪጁ በር ላይ እንዲህ የሚል አዋጅ ለጠፈች፦ «ይሄ ሰዓት ይውረድ። ሰው ኩሽና ገብቶ ስንት ሰዓት ነው ሲል መደመር የለበትም። ቀኑን ሙሉ ሳስደምር ውዬ ቤቴ ገብቼ ደግሞ ልደምር?» ካፒቴኑም ከሥሩ የመልስ አዋጅ ለጠፈ፦ «ሰማይ ላይ ያለው ሰዓት አንድ ነው። ይሄ ሰዓት ደግሞ ከሠርጋችን ጀምሮ አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም። ባትሪ እንኳን ጠይቆኝ አያውቅም። የድሮ ዕቃ እንዲህ ነው።» ሁለቱም አዋጆች ጸንተው፣ ሁለቱም ሰዓቶች እንደተሰቀሉ ኖሩ።

በዘመነ ጥገኛ በመጀመሪያው ዓመት ካፒቴኑ ለዐሥራ አራት አየር መንገዶች ደብዳቤ ጻፈ። ስምንቱ ዝም አሉ፤ አምስቱ «በአገሩ የመሥራት መብት አለዎት?» ብለው ጠይቀው፣ የለኝም ሲላቸው እነርሱም ዝም አሉ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታልና፣ የሚስቱ አክስት፣ ማለት እኅቴ፣ መኪና ነድቶ ሰው ቢያመላልስ ምን አለበት፣ ያም መሪ ያም መሪ ነው እያለች በየእሑዱ ትመክረው ነበር። ዐሥራ አራተኛው ግን፣ የዚችው ከተማ ዘጠኝ አውሮፕላን ያለው ድርጅት፣ ጠርቶ ፈተነው፤ በፈተናውም ደስ ተሰኝቶ፣ ወሩ ሳያልቅ የሥራ ፈቃድ ያለበት ካርድ ካመጣህ ቦታው ያንተ ነው፣ ካላመጣህ ለሌላ እንሰጣለን አለው። የብቃት ማረጋገጫውም በዚያው ወር መጨረሻ ያልቅ ነበርና፣ ያን ቀን ካሳለፈ እንደ ተማሪ ከሀ ሊጀምር፣ ያም ባይሆን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ መጥረጊያ ማሽን ሊያበር ነው። ይህን ስሰማ ጥፋቱን በራሴ ስም መዘገብኩ፤ ዳሌው የእኔ ነበርና።

ጥገኛ የሆነ ባል ያን ካርድ የሚያገኘው ጋብቻው የእውነት መሆኑ ሲመረመር ብቻ ነው። ስለዚህ በወሩ በአራተኛው ቀን፣ ንጋት ላይ፣ ካፒቴኑ ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ጫማውን ሁለት ጊዜ ጠርጎ፣ ሰነዱን በዝርዝር ጮክ ብሎ እየጠራ እኔም «አለ» እያልኩ ከመለስኩለት በኋላ፣ ወደ መኖሪያ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ዘመተ። ፊታውራሪው ታክሲ ነጂው የሚስቱ ወንድም ነበር፤ በቀኙ ንግሥተ ጠመኔ ከትምህርት ቤት የግማሽ ቀን ፈቃድ ተቀብላ፣ በግራው አክስቲቱ ምስክር ካስፈለገ ብላ ሳትጠራ መጥታ፣ በደጀን እኔ ከነከዘራዬ፤ በመካከል የጋብቻው ወረቀት፣ የጋብቻው ወረቀት ቅጂ፣ ቅጂው ትክክለኛ ቅጂ ስለመሆኑ የሚመሰክር ወረቀት፣ የሠርግ ፎቶ ሠላሳ ሁለት፣ ከእነዚህም ውስጥ አክስቲቱ ያለችበት ዐሥራ ዘጠኝ። በበሩ ሰማንያ ስድስት የሚል የተራ ቁጥር ተቀብለን፣ ታጣፊ በርጩማ ይዞ የመጣ አንድ ተንኮለኛ ወረፋችንን ሊያልፍ ሲሞክር አክስቲቱ በቦርሳዋ መንገዱን ዘግታ መለሰችው። ያንም ቀን ከእርሷ በቀር ድል ያደረገ የለም።

ባልና ሚስቱ በተለያየ ክፍል ገቡ። መርማሪዋ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሳቅ የማታባክን ሴት፣ ሁለቱንም ተራ በተራ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀች፤ አስቀድማም ሰዓቱን በትክክል ተናገሩ ብላ አስጠነቀቀች። እዚህ ላይ የአንባቢ ልብ ይዘን። ካፒቴኑ በቤት ውስጥ እንደ ማንም ሰው ነው፤ በፈታኝ ፊት ሲቀመጥ ግን ጀርባው ይቀናል፣ አፉም ወደ በረራው መዝገብ ይመለሳል፤ ሃያ ሦስት ዓመት ፈታኝ ሰዓት ሲጠይቀው የመለሰው በዚያው በአንዱ ሰዓት ነውና። ወጥቶም በደንብ መለስኩ አለን፤ ፊታውራሪው በደስታ ጥሩንባውን እየነፋ ወደ ቤት ወሰደን።

በወሩ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን እንዲህ የሚል አዋጅ በፖስታ መጣ፦ «አመልካቾቹ ከሰባት ጥያቄ በሰባቱ ተለያይተዋል። ዛሬ ጠዋት ሻይ የጠጣችሁት በስንት ሰዓት ነው ለሚለው ሚስት ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ተኩል ስትል ባል ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ብሏል። ሚስት ከሥራ የምትገባው በስንት ሰዓት ነው ለሚለው ሚስት ዐሥር ስትል ባል ሰባት ብሏል። ሠርጉ በስንት ሰዓት ተጀመረ ለሚለው ሚስት ዘጠኝ ስትል ባል ስድስት ብሏል። በአንድ ቤት የሚኖሩ አይመስሉም። የመጨረሻ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ቤቱ ይታይ።»

ንግሥቲቱ ቀይ እስክሪብቶዋን አውጥታ በደብዳቤው ላይ እየቀነሰች ወረደች፤ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ እስከ ሰባተኛው። እስክሪብቶዋን ዘጋችና እንዲህ ብላ አወጀች፦ «ዐሥር ዓመት ስለምነው። አውርደው፣ አውርደው እያልኩ። ከሰው ፊት ሲቀርብ እንኳን የሰው ሰዓት አያወራም። አሁን እንግዲህ የማን ሚስት እንደሆንኩ ለመንግሥት ላስረዳ።» ካፒቴኑም ዩኒፎርሙን ከቁም ሳጥን አውጥቶ፣ አጥፎ፣ በሻንጣ ከተተና ወደ እኔ ዞሮ ለስለስ ባለ ድምፅ አወጀ፦ «አባባ፣ ከእንግዲህ ፓይለት አይደለሁም። ጥገኛ ነኝ። እንዲህ ብለው ይጻፉት።» እኔም ብዕሬን አነሣሁና ሳልጽፍ መልሼ ከደንኩት። ያን ቀንም ዳሌዬን ረገምኩ።

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ንግሥቲቱ ከትምህርት ቤት ገና እንደገባች፣ መርማሪዋ ብቻዋን መጣች። የጥርስ ብሩሾቹን ቆጠረች፣ የጫማውን መደርደሪያ አየች፣ እኔንም ማን እንደሆንኩ ጠየቀች። ከዚያ ወደ ኩሽና ገባች፤ አንዱ ሰዓት ዐሥር፣ ሌላው ሰባት ይላል። ካፒቴኑ እየተንተባተበ የሰማዩን ሰዓት ነገር ሊያስረዳ ሞከረ። እርሷም ሰዓቱ ከደብዳቤው በኋላ የተገዛ ሊሆን እንደሚችል ተናግራ፣ የእኔን ወንበር ስባ፣ ወጥታበት፣ የካፒቴኑን ሰዓት በገዛ እጇ አወረደችው፤ ገለበጠችውም።

ከሰዓቱ ጀርባ የቁስል ፕላስተር በተርታ ተለጥፎ ነበር፤ በእያንዳንዱም ላይ የደብተር አራሚ በሚመስል ጥቃቅን ፊደል፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ባትሪ» ከሚል ቃል ጋር ቀን ተጽፎበታል። መርማሪዋ መነጽሯን አድርጋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ የመጀመሪያው ከሠርጋቸው ዓመት፣ ከዚያ በየዓመቱ አንድ፣ ባትሪው የተቀየረበት ቀን፣ ዐሥር ቀኖች። ዐሥራ አንደኛው ግን ከዐሥረኛው በአራት ወር ብቻ ይርቃል፤ ደብዳቤው የመጣበት፣ ዩኒፎርሙ የታጠፈበት ያው ቀን ነው። ባትሪው ገና አላለቀም ነበር፤ በዚያ ቀን እንዳይቆም ብላ ቀየረችው።

ሁላችንም ወደ ንግሥቲቱ ዞርን። ፊቷ ቀላ፤ ከዚያም በዚህ ቤት ከወጡት አዋጆች ሁሉ አጭሩን አወጀች፦ «እና ሰዓቱ ቢቆም እሱን ማን ይችለዋል?»

የሞተር ድምፅ የፀጉር ያህል ቢለወጥ ከእንቅልፉ የሚባንነው፣ ባትሪ ጠይቆኝ አያውቅም ብሎ በፍሪጅ ላይ ያወጀው ካፒቴን፣ ይህን ዐሥር ዓመት አልሰማም ነበር። ወንበሬ ላይ ተቀመጠ፤ ዐይኑ እንባ አቀረረ። እኔም አለቀስኩ፤ ጸሐፊ ማልቀስ የለበትም የሚል አላነበብኩም። መርማሪዋ በፕላስተሩ ላይ ያለውን ጽሕፈት ንግሥቲቱ ከሞላችው ፎርም ጋር አስተያየች፣ ሰዓቱንም ወደ ቦታው መልሳ፣ እንዳይጣመም በጣቷ ካስተካከለች በኋላ ሻይ ሳትቀምስ ወጣች።

ካርዷም በወሩ የመጨረሻ ቀን፣ መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ በመስኮት ቁጥር አራት ወጣች፤ «ሥራ መሥራት ይፈቀድለታል» የሚል ታትሞባት። ፊታውራሪው ከካርዷ ጋር ካፒቴኑን እስከ አየር መንገዱ በር አበረረው። ወእምዝ ዘመነ ጥገኛ አልፎ ዘመነ ሁለት መስመር ገባ፤ ድርጅቱ ለእንግዳ ሰው የቀኙን ወንበር እንጂ የግራውን ገና አይሰጥምና፣ ሥዩመ ደመና በልጅነቱ በነበረበት ማዕረግ፣ ከእርሱ በዘጠኝ ዓመት በሚያንስ ካፒቴን ሥር፣ አርባ ስድስት ሰዎች ይዞ የሃምሳ ደቂቃ መንገድ በረረ፤ አሳርፎም ለእራት ቤቱ ደረሰ። አክስቲቱ ለጎረቤት ሁሉ ያወራችው ግን ውቅያኖስ አሻግሮ እንደ መጣ ነው።

እንግዲህ ምስጋና ይገባዋል፤ በሰማይ ከደመና፣ በምድር ከወረፋ ጋር ለተጋደለው፣ በሰማንያ ስድስተኛ ተራ ለጸናው፣ አራት መስመር ለብሶ ላልታበየው፣ ሁለት ለብሶ ላላፈረው፣ የአማቱን ክንድ ይዞ ግቢ ማዞርን እንደ በረራ ለቆጠረው ለልጄ ባል። ከእርሱም ይልቅ፣ እየተራገመች በርጩማ ላይ ወጥታ በዓመት አንድ ጊዜ የባሏን ሰማይ ላስነሣችው፣ ለማንም ላልነገረችው፣ ለልጄ። ስሟ በዚህ መዝገብ ከእርሱ ስም በላይ ይጻፍ፤ አባቷ ስለሆንኩ አዳላሁ የሚል ካለ ይምጣና የሰዓቱን ጀርባ ይመልከት።

ይህም ዜና በኩሽናው፣ በሁለቱ ሰዓቶች ሥር፣ ባትሪ በተቀየረ በሃያ ስድስተኛው ቀን ተጽፎ አለቀ፤ በእርሱ ሰዓት ሰባት፣ በእርሷ ሰዓት ዐሥር ሲሆን። ሁለቱም ልክ ናቸው።