ከሁለት እስከ ሁለት

እኛ ሰዓት ስንናገር የጠዋት፣ የማታ እያልን አንጨነቅም። «ሁለት ሰዓት እንገናኝ» ተባብለን «የትኛው ሁለት?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው፣ ወይ ላለመምጣት ሰበብ እየፈለገ ነው። ፀሐይዋ እያለች ምን ያስጠይቃል? ኮምፒውተር ግን ፀሐይ አያይም። ይሄን ያወቅሁት ዘንድሮ በረመዳን፣ በሐብሩ ወረዳ ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም፤ እግሬ ገና ስላልዳነ ለፋሻ እመላለሳለሁ።

ፋሻዬን የምትቀይርልኝ ሲስተር ዘሃራ ናት። እጇ ቀላል፣ ምላሷ ስለታም። የዚያን ቀን ግን ቃል ሳትተነፍስ ስትጠቀልል አየሁና «ምነው?» አልኳት።

«መምህር፣ ሦስት ወር ሙሉ ሌሊት የሠራሁት ዲዩቲ ዜሮ ሰዓት ነው፣ ክፍያ የለሽም ተባልኩ። መልቀቂያዬን ጽፌያለሁ። ወልድያ አንድ የግል ክሊኒክ ነይ ብሎኛል።»

ዜሮ! የሰፈራችን ሕፃናት ግማሾቹ እኮ ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ ያዩት እሷን ነው! ደሜ ፈላ። እያነከስኩ ተከትያት ፋይናንስ ክፍል ገባሁ። አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሐጂ ሰይድም ሰምተው ኖሮ ተነሥተው ተከተሉን፤ ባለፈው ሳምንት ልጃቸው የተገላገለችው በዘሃራ እጅ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? እንድሪስ! አምስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኩት እንድሪስ። ብድግ ብሎ ተቀበለኝና ቅጹን አሳየኝ።

«መምህር፣ ይዩት እስቲ። የገባችው ሁለት ሰዓት፣ የወጣችው ሁለት ሰዓት። ከሁለት ላይ ሁለት ሲቀነስ ስንት ነው?»

መቀነስ ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ ያውም ጆሮውን እየቆነጠጥኩ።

«ማታ ገብቼ ጠዋት ነው የወጣሁት!» አለች ዘሃራ።

«እኔማ አውቃለሁ እህቴ። ዜሮ ያለው ኮምፒውተሩ ነው። ከላይም ጸድቋል።»

ከላይ ጸድቋል ከተባለ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ አለቀ ማለት ነው። ዘሃራ መልቀቂያዋን ከጋውኗ ኪስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ሐጂ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንተ ልጅ፣ ጾመኛ ነህ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ነኝ ሐጂ።»

«ዛሬ ጾም ስንት ሰዓት ያዝክ?»

«አሥራ አንድ።»

«ስንት ሰዓት ታፈጥራለህ?»

«አሥራ ሁ...» አለና ቆመ።

«ማሻአላህ! አንድ ሰዓት ጾመህ ነው እንዲህ ከንፈርህ የደረቀው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ዘሃራ እንኳ እንባዋ እንዳቀረረ ሳቀች። እንድሪስ ግን አልሳቀም። ቅጹን ወደ ራሱ ሳበና ከእያንዳንዱ ሌሊት ፊት «አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት» እያለ በእስክሪብቶ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተም መታበት። «ላይ ላሉትም ራሴ ሄጄ አስረዳለሁ። እነሱም ይጾማሉ፣ ይገባቸዋል» ብሎ መልቀቂያዋን መለሰላት። እዚያው ፊቱ ቀደደችው። ወላሂ፣ በዚህ ዕድሜዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ!

ወሬው ቀድሞን ኖሮ፣ በሩን ስንከፍት ሰልፍ ጠበቀን። ሌሎቹ ነርሶች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ ከኋላ ደግሞ ዱላውን የያዘው ዘበኛ። «እኔ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሁለት ነኝ!» ይላል እየተጋፋ። ለካ በኮምፒውተሩ ሒሳብ፣ በዚያ ጤና ጣቢያ ሌሊት የሠራ አንድም ሰው የለም። ያ ሁሉ ሕፃን ታዲያ ራሱን ነው ያዋለደው?

ሐጂ ሰይድ ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩና፣ ከዘራቸውን አንሥተው ወደ መውጫው እያመሩ፣ «የዛሬዋ የአንድ ሰዓት ጾም ለእንድሪስ ልትረዝምበት ነው» አሉ።