ለቅሶ በስልክ ይደረሳል ብዬ የፈረድኩ ቀን

ሕግ የማያውቅ ሐበሻ አለ የሚላችሁን እንዳታምኑ! እኛ እኮ ልጃችን ብርጭቆ ሲሰብር እንኳ ችሎት እንቀመጣለን፤ ምስክር እንጠራለን፤ ይግባኝ እንሰማለን… የምንፈራው ነገር ቢኖር የተጻፈውን ማንበብ ብቻ ነው። እኔ ግን አነባለሁ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ የቀረውን በአውቶቡስ ውስጥ የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳትቀር አነባለሁ። ጣጣዬም ከዚሁ ይጀምራል። "አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች" የተባለላት ሴትዮ ዘመዴ ሳትሆን አትቀርም።

የምሠራው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ፣ አንድ ሃይስኩል ምሳ ቤት ውስጥ ነው። ልጄ ሊያ እዚያው ትማራለች፤ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ግን ትውውቅ የለንም! አንድ ቀን የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ተማሪዎቹ እንዲያዩ ብለው እኛው ትምህርት ቤት መጥተው አስቻሉ። እውነተኛ ክርክር! ጥቁር ካባቸውን ለብሰው መድረኩ ላይ ተደረደሩ። እኔም የፀጉር መረቤን እንዳጠለቅኩ በኋላ በር ሹልክ ብዬ ገባሁ። ሊያ ዞር ብላ አየችኝና ወዲያው ቴክስት አደረገችልኝ፤ "ማሚ፣ ፕሊስ፣ ዶንት ዌቭ።"

እጄን አውለብልቤ ጨርሻለሁ።

ክርክሩ ስለ ውሻ ነበር። የፖሊስ ውሻ የአንድ ሰውዬን መኪና ዙሪያውን አሽትቷል። ማሽተት ፍተሻ ነው ወይስ አይደለም? የዋሽንግተኑ ትልቁ ፍርድ ቤት "አይደለም" ካለ ቆይቷል። የሰውየው ጠበቃ ግን፣ "ኮሎራዶ የራሷ ሕገ መንግሥት አላት!" ብላ ድርቅ አለች። አንዱ ዳኛ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የእኛም ቃል ከዋሽንግተኑ ጋር ያው ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ለምን ይለያል?" አሏት።

"ዋሽንግተን ለሰው ከሰጠችው መብት መቀነስ አትችሉም" አለች ጠበቃዋ፤ "መጨመር ግን ትችላላችሁ። የራሳችሁን ሕገ መንግሥት የምትተረጉሙት እናንተው ናችሁ።"

በስመ አብ! ይሄ እኮ ገበያ ላይ "መርቂልኝ" የምንለው ነው! ስፍሩ አይጎድልም፤ ምርቃቱ ግን የባለ ሱቋ ፈንታ ነው። ሃያ ዓመት አሜሪካ ኖሬ ሕገ መንግሥታቸው የገባኝ ያን ቀን፣ ፒዛው ምድጃ ውስጥ እያረረ ነው።

ቅዳሜ የሴቶች እድራችን ስብሰባ ነበረ። ዴንቨር ላይ ትልቁ እድር አለ፤ እኛ የአውሮራ ሴቶች ደግሞ የራሳችን ቅርንጫፍና የራሳችን ደንብ አለን። የራሳችን ልበል እንጂ ከትልቁ እድር ቃል በቃል የገለበጥኩት እኔው ጸሐፊዋ ነኝ። "ሦስት ጊዜ ለቅሶ ያልደረሰች አባል ትሰረዛለች" ይላል። የዕለቱ አጀንዳ እማማ ዘነበችን መሰረዝ ነበር።

እማማ ሰባ አልፏቸዋል፤ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ሌክውድ፣ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ መኪና አይነዱም።

"ልጄ እሁድም ይሠራል፤ ማን ያምጣኝ?" አሉ ነጠላቸውን እየቋጠሩ። "ግን ሦስቱንም በስልክ አልቅሼላቸዋለሁ። ከእድር አውጥታችሁኝ ስሞት ማን ይቅበረኝ?"

ሰብሳቢያችን እትዬ አስካለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ትልቁ እድር 'በስልክ የደረሰች አልደረሰችም' ብሎ ወስኗል። እኛም እንደዚያው ነን።"

"በሕግ አምላክ!" ብዬ ብድግ አልኩ።

"ደግሞ ምን አነበብሽ?"

"ደንባችን 'ለቅሶ መድረስ' ይላል እንጂ በእግር ይሁን አይልም!"

"የትልቁ እድርም ቃል ያው ነው እኮ!"

"ቃሉ አንድ ቢሆንም ተርጓሚዎቹ እኛ ነን! ትልቁ እድር ከሰጠው መቀነስ አንችልም፤ መጨመር ግን ማን ይከለክለናል?"

"ይሄን ማን ነገረሽ?"

"ጠቅላይ ፍርድ ቤት!" አልኩ። ስለ ፒዛው አላነሳሁም።

እጅ ወጣ። በስልክ የደረሰች ደርሳለች! እትዬ አስካለ ብቻ፣ "የልዩነት ሐሳቤ ይመዝገብልኝ" አሉ። እማማ መረቁኝ፤ እኔ ደግሞ በየመንገዱ ሰላምታ ስሰጥ እንኳ አንገቴን እንደ ዳኛ ማዞር ጀመርኩ።

ወር ሳይሞላ አገር ቤት ያለው አጎቴ ማረፉ ተነገረኝ። ከቤተ ክርስቲያን ሃያ ተጣጣፊ ወንበር ተውሼ፣ ሳሎኑን አስለቅቄ፣ ጥቁር ለብሼ ተቀመጥኩ። ስልኬ ጮኸ።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ! በይ እንግዲህ ደርሻለሁ፤ መዝግቢኝ!"

ሌላዋ ሃቫና ስትሪት ላይ እየነዳች ነው፤ "ቆይ ፓርክ ላድርግና ላልቅስልሽ!" ግሌንዴል የሚኖሩት ሦስት አባሎቻችን በአንድ ስፒከር ተሰብስበው አለቀሱ፤ ከመሃላቸው አንዷ እያኘከች ነበር። እትዬ አስካለ ሳይቀሩ ደወሉ፤ "ተቃውሜ ነበር፤ ግን ውሳኔ ውሳኔ ነው፤ ይከበራል!"

ሊያ ባዶዎቹን ወንበሮች አየቻቸው። "ማሚ፣ ዌር ኢዝ ኤቭሪባዲ?"

"ደርሰዋል" አልኳት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ማለት ይሄው ነው!

አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። እማማ ዘነበች! ከሌክውድ፣ ሦስት አውቶቡስ ቀያይረው፣ አንዱን ተሳስተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ገብተው ሃያውን ወንበር ቃኙና፣ "ሰዉ የታለ?" አሉኝ።

"በስልክ ደረሱ፣ እማማ።"

"ኧረ ወዲያ! ለቅሶ በስልክ ይደረሳል እንዴ?"

"እማማ! ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው የፈረድኩት!"

"ለእኔማ መምጫ ስላጣሁ ነው፤ ይኸው አውቶቡሱን እስክለምድ ነበር። እነሱ መኪናቸውን ምን ነካው?"

ፊደል ያልቆጠሩት እማማ በአንድ ትንፋሽ የተረጎሙትን ሕግ፣ እኔ ደንቡን በእጄ ገልብጬ፣ ዳኞቹን በዓይኔ አይቼ ስቼዋለሁ። ሕግ ማስፋት መልካም ነው፤ ማንን ልታሳልፉበት እንደሆነ ካልጻፋችሁ ግን ሁሉም በዚያው ሾልኮ ወጥቶ እናንተ ብቻችሁን ትቀራላችሁ።

እማማ አጠገቤ ቁጭ አሉና፣ አይተውት ለማያውቁት አጎቴ አምርረው ማልቀስ ጀመሩ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ነፍሱን ይማረውና… እሳቸው ያለቀሱት ለአጎቴ ነው፤ እኔ ግን ለፍርዴ ነበር።