ካልሲ ያጠለቀ ማንጎ

ሐቀኛ የጭነት መኪና ባለቤት ማግኘት ከፈለጋችሁ መኪና የሌለውን ፈልጉ። ይህን የምላችሁ ዛሬ ነው እንጂ፣ በቅርቡ ብትጠይቁኝ ተቃራኒውን ስሟገት ታገኙኝ ነበር። አመሌን ታውቃላችሁ... አገር ሁሉ አንድን ሰው ሲረግም እኔ ምርቃት ምርቃት ይለኛል።

ነገሩ የጀመረው በጎረቤቴ በሐጃ ዘይነባ ማንጎ ነው። ሐጃ ዘንድሮ ማንጎአቸውን አዲስ አበባ ልከው፣ በሽያጩ ክረምት ሳይገባ የቤታቸውን ጣራ ቆርቆሮ ሊያለብሱ አስበዋል። የሣር ክዳኑ አምና ወንፊት ሆኖባቸው፣ ድስትና ባልዲ ደርድረው ነው የከረሙት። ባለ አይሱዙው ወንድይፍራው ሊጭንላቸው ቃል ገባ። ማንጎው ተለቅሞ በሣጥን ተደረደረ። በቀጠሮው ቀን ግን መኪናው የለም። በመኪናው ፋንታ በስልክ ፎቶ መጣ፦ አይሱዙው ቀይ አፈር መንገድ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ቅጠል ተነጥፏል። ከጉባ ሲመለስ መንገድ ላይ እንደተበላሸበትና አሶሳ ገና እንዳልደረሰ የሚገልጽ መልእክትም ታክሎበታል።

መቼም የእኛን መንገድ ታውቁታላችሁ። መኪና ሲበላሽ ሾፌሩ ቅርንጫፍ ሰብሮ ከኋላው ይነጥፋል፤ የሚመጣው ሁሉ ቅጠሉን አይቶ ቀስ ይላል። የትራፊክ ምልክት የማያስቆመውን ሾፌር ቅጠል ያስቆመዋል። ሐጃም ቅጠሉን አይተው አመኑ፤ ጠበቁም።

የአሶሳ ሙቀት ግን ቅጠል አያከብርም። ማንጎው በስሎ፣ ላልቶ፣ ማልቀስ ጀመረ። እንዳይጣል ለሠፈሩ ታደለ። ቁርስ ማንጎ፣ ምሳ ማንጎ... እንግዳ ሲመጣ ማንጎ ላቀርብለት ስነሳ፣ እንግዳው ራሱ ማንጎ ይዞ መጥቶ አገኘዋለሁ።

ከዚያ ወሬ መጣ። አይሱዙው በዚያው ሰሞን የነጋዴ ሰሊጥ ጭኖ አዲስ አበባ ሲያራግፍ ታይቷል ተባለ። ሐጃ ወደ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሄደው ከሰሱ። ወንድይፍራው የሥራ ፈቃዱ ሊታገድ መሆኑን ሲሰማ፣ መሥሪያ ቤቱንም እንደ ተቆጣ አማት ቆጥሮት ሽማግሌ ማሰባሰብ ጀመረ። መጀመሪያ የመጣው እኔ ቤት ነው።

«ጋሼ፣ ከርስዎ በቀር የሚያምነኝ ሰው የለም» አለኝ።

ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ከዚህ የበለጠ ጉቦ አለ?

ደግሞ ከሐጃ ጋር ትንሽ ተቀያይመን ነበር። የራሴ ማንጎ ዛፍ አለኝ። የሌሊት ወፍ እንዳትበላብኝ ምርጥ ምርጡን ፍሬ አሮጌ ካልሲ አጠልቅለታለሁ። የተቀደደችው ለማንጎው፣ ደህናዋ ለእግሬ። ስለዚህ ቀኝና ግራ እግሬ ከተመሳሰሉ ዘመን አልፏል፤ ሠፈሩም ስቆ ስቆ ሰልችቶታል። ታዲያ በዚያው ሰሞን ከአጥር አልፎ ወደ መንገድ የተንዘረፈፈው ቅርንጫፍ ከነካልሲው ተገንጥሎ ጠፋ። እኔም ብዙ ሳልመራመር የሐጃን ፍየል ወነጀልኩ።

«ወላሂ፣ ፍየል የኔ፣ ካልሲ አይበላም» አሉ ሐጃ። ሆኖም ለጉርብትና ሲሉ ፍየሏን አሰሯት።

ክሱ በሚታይበት ቀን መሥሪያ ቤቱ ተሰበሰብን። ጉዳዩን የያዘችው ኃላፊ ረጋ ያለች የባምባሲ ልጅ ናት። ተነሥቼ ተናገርኩ... ኧረ እንዴት ያለ ንግግር! ሰው ሊዋሽ እንደሚችል፣ ቅጠል ግን እንደማይዋሽ፣ በመንገዳችን ላይ የተነጠፈ ቅጠል የማይታመንበት ቀን ከመጣ መንገዱን ዘግተን ቤታችን መግባት እንደሚሻለን አስረዳሁ። ወንድይፍራው እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረውም። በራሴ ረክቼ ተቀመጥኩና እግሬን አነባበርኩ።

ኃላፊዋ ፎቶውን ኮምፒዩተሩ ላይ አጉልታ ወደ እኔ አዞረችው።

«ጋሼ፣ ይሄ የማይዋሸው ቅጠል ነው አይደል? እዚህ ጋ ቅርንጫፉ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

መነጽሬን አደረግሁ። ቢጫና አረንጓዴ መስመር ያለበት ካልሲ... በውስጡም አንድ ወፍራም ማንጎ። ዓይኗ ከፎቶው ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ተነባበረው እግሬ ወረደ። የክፍሉ ሰው ሁሉ ተከትሏት ወረደ። ቢጫና አረንጓዴ መስመር። እግሬን ላወርድ ሞከርኩ፤ ግን ረፍዷል።

«አሶሳ ገና አልደረስኩም ነበር ያልከው» አለችው ወንድይፍራውን። «ታዲያ የጋሼ ካልሲ ጉባ መንገድ ድረስ በእግሩ ነው የመጣው?»

ወንድይፍራው በሚካኤል ሊምል ጀምሮ ተወው። በመጨረሻ ሁሉንም ዘረገፈው። ሰሊጡ የተሻለ ዋጋ ነበረው። ፎቶውን ያነሳው እዚሁ ከከተማው ዳር ነው። የመንገዱ ዳር ቁጥቋጦ በበጋው ደርቆ፣ ለምለም ሆኖ ያገኘው የእኔን ማንጎ ብቻ ነበር፤ ካልሲውን ልብ አላለውም። አያችሁልኝ? መኪናውን ለማቆም ሳይሆን ለውሸቱ እንኳ ለምለም ቅጠል የሚመርጥ ሰው ነው።

እኔ ሽማግሌ ሆኜ ገብቼ ምስክር ሆኜ ወጣሁ ማለት ነው። ፈቃዱ ታገደ፤ የሐጃን ኪሣራ እስኪክስ ድረስም መኪናው ንቅንቅ እንዳይል ተባለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ አይደል?

ሐጃ ዘይነባ ውሳኔው ሲነበብ ፊታቸው አልተለወጠም። ዞር ብለው እኔን ነው ያዩት።

«አሁን ፍየል የኔ ይፈታል?»

ወንድይፍራው ቆርቆሮውን ያመጣው ዝናቡ ማጉረምረም ሲጀምር ነው። አይሱዙው ስለታገደ በአህያ ጋሪ ጭኖ፣ ከአህያዋ ጎን በእግሩ እየሄደ፣ በቤቴ በኩል አለፈ። ሰላም አላለኝም። እኔም አልተቀየምኩትም። ጣራው በተመታ ማግስት ዝናቡ ወረደ፤ ሐጃ ዘንድ ድስት የተጣደው እሳት ላይ ብቻ ነበር።

ፍየሏን የፈታሁት እኔው ነኝ፤ ሐጃ «ያሳሰረው ይፍታ» ብለው ፈርደውብኝ። ገመዷን እንዳወለቅሁላት ግራ ቀኝ ሳትል ቀጥታ ወደ ማንጎ ዛፌ ሄደች፤ በኋላ እግሯ ቆመች፤ ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ጎትታ ቅጠሉን ከነካልሲው ማኘክ ጀመረች። ዱላ ነበረኝ፤ አላነሳሁትም። ምን ብዬ ልቅጣት? ቅጣቱን አስቀድማ ጨርሳለች... ጥፋቱ ነበር የቀራት።