የቶፋዛል ፍየሎች

(ዳካ፣ የዩኒቨርሲቲ ኮሪደር። ሁለት ተባባሪ ፕሮፌሰሮች ለአንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ሙሉ ፕሮፌሰርነት ተወዳድረው፣ በየተራ ለቦርዱ ቃለ መጠይቅ ቀርበው ወጥተዋል። አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲንጋራ የሚሉትን ሳምቡሳ እየገመጡ ውጤት ይጠብቃሉ።)

ቶፋዛል፦ ስማችን ፊት ያለው «ኤምዲ» ነጥብ አለው አልኩህ! ኤም፣ ዲ፣ ነጥብ!

ሙኽለስ፦ የኔ ቢሮ በር ላይ የተጻፈው ግን ነጥብ የለውም፣ ቶፋዛል ብሃይ፣ ታላቅ ወንድሜ።

ቶፋዛል፦ እሱ ቀለም ቀቢው ቸኩሎ ነው። ሙሐመድ ሲያጥር «ኤምዲ» ነው። ያጠረ ነገር ሁሉ ነጥብ ያስፈልገዋል።

ሙኽለስ፦ እኔም አጭር ነኝ፤ ነጥብ የለኝም።

ቶፋዛል፦ ያ አላህ! ከዚህ ጋር ነው ያወዳደሩኝ? ለመሆኑ ስንት ጥናት አቀረብክ?

ሙኽለስ፦ አራት።

ቶፋዛል፦ (እየሳቀ) እኔ ዘጠኝ መቶ!

ሙኽለስ፦ ኧረ! መቼ ጻፉት?

ቶፋዛል፦ መጻፍማ ድሮ ቀረ። ፕሮግራም ሠራሁ። ስሜን ስሰጠው ከየመጽሔቱ የኔን ሥራ ለቅሞ ያመጣልኛል።

ሙኽለስ፦ በየትኛው ስም ነው የሚፈልገው?

ቶፋዛል፦ በመጀመሪያው ነዋ። በኤምዲ።

ሙኽለስ፦ (አሰብ አድርጎ) የአገሩ ወንድ ግማሹ ኤምዲ አይደል እንዴ?

ቶፋዛል፦ እና ምን ይሁን?

ሙኽለስ፦ ምንም። «የነፍሰ ጡር እናቶች የደም ማነስ» የሚለውም የእርስዎ ነው?

ቶፋዛል፦ ኮምፒውተር የማይገባበት የለም።

ሙኽለስ፦ ማዋለጃ ክፍልም?

ቶፋዛል፦ አትነዝንዘኝ! በሚመጣው ዓመት ጡረታ ልወጣ ነው። ባለቤቴ በልጃችን የሠርግ ጥሪ ላይ «የፕሮፌሰር ቶፋዛል ልጅ» ብላ አሳትማ ጨርሳለች።

ሙኽለስ፦ ካልሆነስ?

ቶፋዛል፦ ይሆናል! ቦርዱ አፉን ከፍቶ ነው የሰማኝ። ጥግ ላይ ያሉት ሽማግሌ ብቻ «ይሄ የፍየል ሳምባ በሽታ ጥናት አላደከመዎትም?» ብለው ጠየቁኝ።

ሙኽለስ፦ እርስዎስ ምን አሉ?

ቶፋዛል፦ «ምን ያደክማል? በኢድ እረፍት ሻይ እየጠጣሁ ጨረስኩት» አልኳቸው። እንባቸው መጣ! እንዲህ ያለ ጭንቅላት አይተው አያውቁማ።

ሙኽለስ፦ እንደሱ አይደለም፣ ብሃይ። ጥናቱ የሟች ወንድማቸው ነው። ኤምዲ ኢናየት ይባላል፣ የከብት ሐኪም ነበር። በየመንደሩ ሲንከራተት ኖሮ ሳይታተምለት ሞተ፤ ያሳተሙለት እሳቸው ናቸው።

(የቶፋዛል ሲንጋራ ከእጁ ይወድቃል።)

ቶፋዛል፦ አንተ... ይሄን ማን ነገረህ?

ሙኽለስ፦ ከእርስዎ ቀጥሎ ስገባ ራሳቸው ነገሩኝ። ከዚያ እኔንም ስለ ፍየል ጠየቁኝ።

ቶፋዛል፦ ምን ብለህ መለስክ?

ሙኽለስ፦ «ፍየል የማውቀው ቢርያኒ ሩዝ ውስጥ ነው» አልኩ።

ቶፋዛል፦ (ነፍስ እየዘራ) እሰይ! አንተም ወድቀሃላ! ምን አሉህ ታዲያ?

ሙኽለስ፦ እኔ እንጃ፣ ግራ ገባኝ። ሁሉም ተነስተው ጨበጡኝና «አልሐምዱሊላህ! ፍየል የማያውቅ አንድ የኮምፒውተር ሰው ተገኘ!» አሉኝ።