የብሎቫን የበጋ ቤቶች

[ማስትሪክት፣ ሆላንድ፤ በፈረንጆቹ 1991 ታኅሣሥ። የአሥራ ሁለት መንግሥታት ሰዎች አንድ የጋራ ውል ለመጨረስ ይነታረካሉ። ኮሪደሩ ላይ ሁለት የዴንማርክ ልዑካን ቆመዋል። ቶርኪል የሕግ አማካሪ ነው፤ የማያውቀው ነገር እንዳለ እስከዛሬ የነገረው የለም። ኤጎን የታመመ ባልደረባውን ተክቶ ከቤቶች ሚኒስቴር የመጣ ነው።]

ቶርኪል፦ ይሄ ቃል ከውሉ ሳይወጣ እኔ ምሳ አልበላም!

ኤጎን፦ የቱ ቃል?

ቶርኪል፦ «ፌዴራል» ነዋ! ሰሞኑን ስለ ምን ስንጨቃጨቅ የከረምን መሰለህ?

ኤጎን፦ ስለ ገንዘቡ መስሎኝ። አሥራ ሁለታችን አንድ ገንዘብ ይኖረናል ሲባል ሰማሁ።

ቶርኪል፦ አዎ፣ አንድ ገንዘብ።

ኤጎን፦ አንድ ለአሥራ ሁለት? ታዲያ ማን ዘንድ ያድራል?

ቶርኪል፦ አንድ ዓይነት ማለት ነው፣ አንተ ሰውዬ! ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ያው ይሆናል።

ኤጎን፦ የጀርመኖቹ ኪስና የኔ ኪስ እኩል ሊሆን?

ቶርኪል፦ ዓይነቱ እንጂ መጠኑ አይደለም!

ኤጎን፦ እኔስ የፈራሁት ይሄንኑ ነው። እኛ አገር ባሕር ዳር ብሎቫን ያሉትን የበጋ ቤቶች አንድ በአንድ ገዝተው ይጨርሷቸዋል። የሰፈሬ ልጆች ባሕሩን በአጥር ቀዳዳ ሊያዩት ነው። ለምን ስብሰባው ላይ አናነሳውም? የመጣሁት ለእሱ እኮ ነው።

ቶርኪል፦ አፍህን ዝጋ! የምትፈልገውን ነገር ከተናገርክ ይወደድብሃል። ድርድር ማለት የማትፈልገውን አጥብቆ መጠየቅ ነው።

ኤጎን፦ ቢሰጡህስ?

ቶርኪል፦ [ትንሽ አሰብ አድርጎ] አይሰጡህም።

[ከረባቱን አስተካክሎ ወደ ስብሰባው ይገባል። ኤጎን መስኮቱ ላይ ቆሞ ዝናቡን ያያል። ቶርኪል ፊቱ እንደ ሙሽራ እያበራ ይወጣል።]

ቶርኪል፦ አሸነፍኩ! ቃሉ ወጣ።

ኤጎን፦ እሰይ! በምን ለወጥከው?

ቶርኪል፦ በበጋ ቤቶቹ።

ኤጎን፦ በየትኞቹ?

ቶርኪል፦ በነዚያው። ለጀርመኑ ተደራዳሪ ለሉደከ «ማንም ይግዛቸው፣ አንከራከርም» አልኩት። ፊቱ እንዴት እንደጠቆረ ብታይ! ሳይጨብጠኝ ወጣ። ሽንፈት ነው፣ ወንድሜ፤ ከሩቅ ያስታውቃል።

ኤጎን፦ ቤት ተሰጥቶት ፊቱ ጠቆረ?

ቶርኪል፦ አንተ ይሄ አይገባህም። ዲፕሎማሲ ነው።

[ኤጎን ይሄዳል። ቶርኪል ለሚኒስትሩ የሚያቀርበውን ንግግር እያነበነበ ይንጎራደዳል። ንግግሩ ውስጥ «እኔ» የሚለው እየበዛ ሲመጣ ኤጎን ሾርባ ይዞ ይመለሳል።]

ቶርኪል፦ የት ጠፋህ?

ኤጎን፦ ለሾርባ ተሰልፌ። ሉደከን አገኘሁት። ቃሉ የወጣው ጠዋት ነው አለኝ፤ እንግሊዞቹ አሻፈረኝ ብለው።

ቶርኪል፦ ጠዋት?

ኤጎን፦ ገና አንተ ሳትገባ።

ቶርኪል፦ [ግድግዳውን ተደግፎ] እና... ቤቶቹን በከንቱ ነው የሰጠሁት?

ኤጎን፦ በከንቱ።

ቶርኪል፦ አለቀልኝ! ሚኒስትሩ በቁሜ ይቀብሩኛል። ምን ይሻለኛል፣ ኤጎን?

ኤጎን፦ ቤቶቹንማ አስመለስኳቸው።

ቶርኪል፦ ምን?

ኤጎን፦ ከሉደከ ጋር የስብሰባው ሰብሳቢ ዘንድ ሄደን ነገርናት። ዴንማርክ የውጭ ሰው የበጋ ቤት እንዳይገዛ የሚከለክለውን ሕጓን እንደያዘች ትቀጥላለች፤ ውሉ ውስጥ ይገባል።

ቶርኪል፦ ምን ብለህ አሳመንከው?

ኤጎን፦ ምን አሳምነዋለሁ! እሱ ነው እኔን የተቆጣኝ። «እንዴት ዝም ብላችሁ ትለቃላችሁ? ስትከራከሩ እሸነፋለሁ ብዬ ስጠብቅ!» አለኝ።

ቶርኪል፦ ጀርመን አይደለም እንዴ? ቤቱን አይፈልገውም?

ኤጎን፦ በየሐምሌው ብሎቫን ተከራይቶ ነው የሚከርመው።

ቶርኪል፦ ቆይ፣ ቆይ። ለሚኒስትሩ ሪፖርት ማድረግ አለብኝ። የጀርመን መንግሥት አቋሙን የለወጠበት መሠረታዊ ምክንያት ምንድን ነው?

ኤጎን፦ [ሾርባውን ፉት ብሎ] «እዚያ ድረስ የምነዳው ከጀርመኖች ለመሸሽ ነው» አለኝ።